«ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ አስር» ለሚል ልጅ

ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላት እስከ ሃያ ትቆጥር ነበር። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ቁጠሪ» እላታለሁ፤ እሷም ሳትተነፍስ ታንበለብለዋለች። አንድ ቀን ምንጣፍ ላይ በቆርኪ ስንጫወት «አራት ስጪኝ» አልኳት። በሁለት እጇ ዘግና ሰጠችኝ። «ይሄ አራት ነው?» ስላት «አዎ!» አለች፣ በሙሉ ልቧ።

ደነገጥኩ። የአንደኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ለካ ልጄ የያዘችው ግጥሙን ነው፤ ብዛቱን ገና አላገኘችውም።

በኋላ ሳነብ ነገሩ የሁሉም ልጅ መንገድ እንደሆነ ገባኝ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካረን ዊን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ጥናት ልጆችን የጠየቀችው ልክ እንዲህ ነበር፤ ይህን ያህል ስጡኝ እያለች። ልጆች መጀመሪያ የ«አንድ»ን ትርጉም ብቻ ያውቃሉ። ከወራት በኋላ «ሁለት» ይመጣል፣ ቀጥሎ «ሦስት»። ሦስት ዓመት ተኩል አካባቢ ሲደርሱ፣ ስንቆጥር የምንጠራው የመጨረሻው ቃል የሁሉም ብዛት መሆኑ ይገለጥላቸዋል። አንዳንዱ ይቀድማል፣ አንዳንዱ ይዘገያል። አትጨነቁ።

እናንተም «ቁጠር» ማለቱን ቀነስ አድርጉና «ስጠኝ» በሉ። አብራችሁ ስትቆጥሩ ደግሞ መጨረሻ ላይ ብዛቱን ከነስሙ ድገሙት፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ቆርኪ!» ዕቃው ፊቱ ይኑር። ሦስት ላይም አትቁሙ። ከአራት እስከ አስር የሚደርስ፣ በዓይን የሚታይ ነገር ወላጆቻቸው የሚቆጥሩላቸው ልጆች በኋላ ላይ የቁጥር ትርጉም ይበልጥ እንደሚገባቸው በጥናት ታይቷል።

ከአስር ስናልፍ አማርኛ ራሱ ያግዘናል። «አስራ አንድ» ስንል አስሩም አንዱም ይሰማሉ። ቻይንኛም «አስር አንድ» ነው የሚለው። የእንግሊዝኛው «ኢለቨን» ግን ምንም አይነግርም። የአሜሪካና የቻይና ልጆች እስከ አስር እኩል ይሄዱና ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ልጅ እዚያ ጋ ይደነቃቀፋል።

ግን ልጅ «አስራ»ን ስለሰማ ብቻ አስርን አያይም። አስር የክብሪት እንጨት በላስቲክ እሰሩ። «አስራ» ስትሉ እስሩን አንሱ፣ «ሦስት» ስትሉ ሦስት ነጠላ እንጨት አጠገቡ አድርጉ። ተማሪዎቼ «አንድ እስር፣ አስር!» ማለት ይወዳሉ። እኔም እወደዋለሁ፤ ቃሉና ነገሩ አብረው ይያዛሉ።

ትልቁ ጣጣ ሃያ ላይ ነው። ልጄ «ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ አስር፣ ሃያ አስራ አንድ» ብላ ቀጠለች። እባካችሁ እዚህ ጋ አትቆጡ። ልጁ ሕጉን ይዞ ነው የሄደው፤ የጠፋው ቃሉ ነው። «ሃያ» ውስጥ «ሁለት» የለም። ቻይንኛ «ሁለት አስር» ስለሚል ልጁ ቀጣዩን ራሱ ይደርስበታል። የእኛ ልጅ መሸምደድ አለበት።

ቃላቱን ጮክ ብላችሁ በሏቸው። ዘጠኝና ዘጠና፣ ስምንትና ሰማንያ፣ ሰባትና ሰባ ዝምድናቸው ቁልጭ ብሎ ይሰማል። አምስትና ሃምሳም ይቀራረባሉ። ስድስትና ስልሳ፣ ሦስትና ሠላሳ ግን ራቅ ይላሉ፤ ሃያ ጭራሽ አይገናኝም። ማለትም ልጁ መጀመሪያ የሚያገኛቸው ከባዶቹን ነው። ስለዚህ እኔ ከላይ ነው የምጀምረው። ዘጠኝ እስር እደረድርና «ዘጠኝ አስር፣ ዘጠና» እላለሁ። ከዚያ ሰማንያ፣ ከዚያ ሰባ እያልኩ እወርዳለሁ። ሃያ ጋ ስንደርስ ልጆቹ «ሁለት አስር» ብለው ቀድመውኝ ይጮሃሉ። የሃያ ስም የሚነገራቸው ያኔ ነው።

መጻፍ ሲመጣ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። «ሃያ አምስት ጻፍ» ሲባል 205 የሚጽፍ ልጅ በየዓመቱ አለኝ። በቀይ እስክሪብቶ ከመሰረዛችሁ በፊት የሰማውን አስቡ። ሃያ ሰማ፣ 20 ጻፈ። አምስት ሰማ፣ 5 ጻፈ። በግዕዝ ቁጥር ቢሆን ትክክል ነበር፤ ፳ ብሎ ፭ ሲጨምርበት ፳፭ ይሆናል። በ25 ግን ሃያውን የሚሸከመው የ2 ቦታ ነው፤ ቦታ ደግሞ በጆሮ አይሰማም። (በጀርመንኛ 24 «አራትና ሃያ» ስለሚባል እዚያ ያሉ ልጆች 42 ብለው ይገለብጡታል። ሁሉም ልጅ ጆሮውን ነው የሚያምነው።)

መፍትሔው ሁለት ካርድ ነው። አንዱ ላይ 20 ጻፉ። ግማሹን በሚያህል ሌላ ካርድ ላይ 5። ልጁ ራሱ አምስቱን ዜሮዋ ላይ ይጫን። ከዚያ ያንሳው፣ ዜሮዋ ከሥር ትታየው፣ መልሶ ይክደናት። አንድ ተማሪዬ ይህን ሰባት ስምንት ጊዜ ደጋገመና «ሃያው ተደብቆ ነው እንዴ!» አለኝ። ከዚያን ቀን በኋላ 205 ብሎ አልጻፈም።

ቤት አንድ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤት ሌላ ከሆነ ደግሞ ልጁ የሚያሰላበትን ቋንቋ አትቀሙት። በእንግሊዝኛ እየመለሰ በአማርኛ የሚያንሾካሹክ ልጅ ከንፈሩን አየዋለሁ። ዝም እለዋለሁ። ሲጨርስ ብቻ «እንዴት አገኘኸው?» እላለሁ፣ በሚያንሾካሹክበት ቋንቋ።