ጥቁር ሥጋ፣ ጠንካራ ሥጋ፣ ጮማ ያጣ ሥጋ፦ ዘሩን ከመውቀስ በፊት

ሥጋው ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሰደበው ዘሩ ነው። "ቦረና ስለሆነ ነው" ይባላል። "የአርሲ በሬ ምን ሥጋ አለው" ይባላል። አዳማ ዙሪያ ባሉ ማድለቢያዎችና ሉካንዳ ቤቶች ለዓመታት ስመላለስ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ዘር የራሱ ድርሻ አለው፣ እሱን ከታች እመጣበታለሁ። አብዛኛው ቅሬታ ግን የሚፈጠረው ከእርድ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ነው።

ክትባት፣ የጥገኛ ተባይ መድኃኒት፣ ጥላና ንጹሕ ውኃ አሟልታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ያላሟላ ሰው እነሱን ይጨርስና ይመለስ።

ሥጋው ጠቁሯል፣ ቢላ ላይ ይጣበቃል

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይኼ ነው።

መጀመሪያ እውነተኛ ጥቁር መሆኑን አረጋግጡ። ማንኛውም ሥጋ ገና ሲቆረጥ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። አየር ካገኘ በኋላ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ሲሞላው ደማቅ ቀይ ይሆናል። ችግር ያለበት ሥጋ ግን ብትጠብቁትም አይቀላም። በጣት ስትነኩት ይለጠፋል። ገጹ ደረቅ ነው፣ ምክንያቱም ውኃውን ውስጡ ቆልፎ ይዞታል። የምትፈትሹት ሽንጡን ነው። አንገትና ወርች በተፈጥሯቸውም ጠቆር ስለሚሉ በእነሱ አትፍረዱ።

ብዙ ሰው "ደሙ በደንብ አልወጣም" ብሎ አራጁን ይወቅሳል። ሌላው "የታመመ በሬ አርደው ነው" ይላል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደሉም።

ምክንያቱ ይኸውና። ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የተከማቸ ስኳር አለ። ከእርድ በኋላ ይኼ ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል። የሥጋው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ አሲዱ ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል) ከ7 አካባቢ ተነስቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል። ሥጋን ቀይ የሚያደርገውና ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ይኼ አሲድ ነው። ከብቱ ከእርድ በፊት ከፈራ፣ ከተዋጋ፣ ከተራበ ወይም ረጅም መንገድ ከተነዳ ስኳሩን ጨርሶታል። አሲድ የሚሆን ነገር የለም። ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፣ ሥጋውም ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ሥጋ ባክቴሪያ ስለሚመቸው ከሌላው ቀድሞ ይሸታል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት ከተማ ይኼ የቀለም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንድ አድላቢ የማልረሳው ነገር ገጥሞታል። ወጣት የቦረና ኮርማዎች፣ ሦስት ወር ያህል ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ የበሉ፣ ሲያዩዋቸው የሚያስደስቱ ነበሩ። አይሱዙው ላይ ትንሽ ቦታ ተረፈ። "ባዶ ከሚሄድ" ብሎ ከሌላ በረት የመጡ ኮርማዎችን ጨመረበት። ማቆያው ውስጥ የማይተዋወቁት ኮርማዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲዋጉና ሲሰቃቀሉ አደሩ። በማግስቱ አብዛኛው ሥጋ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሰውየው ቄራው ላይ ሊጮህ ተነሳ። ገና ያልታረዱትን ሄደን አየናቸው። ጀርባቸው ላይ የሌላ ከብት ሰኮና ጭቃ አለ። ከጭራቸው ሥር ጠጉሩ ተፍቆ ቆዳው ይታያል። ለብቻቸው ታስረው ያደሩት ደግሞ ሥጋቸው ቀይ ነበር። ዘራቸው አንድ፣ መኗቸው አንድ፣ ቄራቸው አንድ፣ የተለየው ሌሊቱ ብቻ ነው።

የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት ወር ገደማ የተጾመበት ከተማ በአንድ ሌሊት ሥጋ ይፈልጋል። ከሩቅ በእግሩ የተነዳ በሬ ሐሙስ ገበያ ይውላል። የቅርጫ ማኅበርተኞች ይገዙትና ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ያስሩታል። "ባዶ ሆዱን ይደር፣ ለመበለት ይቀላል" ተብሎ እስከ ቅዳሜ ሌሊት እህል አይቀምስም። ልጆች ይከቡታል፣ ውሻ ይጮህበታል። ከዚያ መደቡ ሲከፈል ሥጋው ጥቁር ሆኖ ሲገኝ ገበያው ላይ ያስማማቸው ደላላ ይሰደባል። እባካችሁ፣ በሬው ግቢያችሁ ከገባ በኋላ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

መፍትሄው ርካሽ ነው፣ ልፋቱ ግን አለ። አብረው የደለቡት አብረው ይጫኑ፣ አብረው ይደሩ። መኪናው ካልሞላ በእንጨት ከፍላችሁ አጥሩት። የመኪናው ወለል ላይ አሸዋ ወይም ጭድ አድርጉ፣ የሚንሸራተት ከብት መንገዱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚሄደው። የአዳማን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ጫኑ ሲመሽ ወይም ሊነጋ ሲል። ጫኞችን ዱላ አስጥሏቸው። ጅራት የሚጠመዝዝ ጫኝ ካለ ከሥራው አንሱት። ከእርድ በፊት መኖ መከልከል ካስፈለገ ከ24 ሰዓት አይለፍ። ውኃ ግን መቼም አይከልከል። ውኃ! ይኼን ስንቴ እንደተናገርኩት አላውቅም።

ከብቱ ከሩቅ ከመጣ፣ ለምሳሌ ከያቤሎ ተጭኖ በቀጥታ ለእርድ ከተፈለገ፣ አንድ ሌሊት ማሳደር አይበቃም። የከብት ጡንቻ ስኳሩን የሚተካው በዝግታ ነው። ጥሩ መኖ እየበላ ብዙ ቀናት ይፈልጋል፣ ሳምንት ብትሰጡት ይሻላል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ቅርባችን ስለሆነ ሞላሰስ፣ ማለትም የስኳር ተረፈ ምርቱን፣ ውኃ ላይ በጥብጦ የሚሰጥ አለ። ይረዳል፣ ዕረፍትን ግን አይተካም።

ያልተኮላሸ ኮርማ ከተኮላሸው ይልቅ ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው። ወደ ውጭ የሚልከው ገዢ ደግሞ የሚፈልገው ያልተኮላሸውን ወጣት ቦረና ነው። ስለዚህ ለእሱ የምታደልቡ ሰዎች ከላይ ያለውን በእጥፍ ጠብቁ።

ስለ ፒኤች መለኪያ አንድ ነገር። ገበያ ላይ የሚሸጠው ርካሹ መለኪያ ለውኃ የተሠራ ነው። ሥጋ ላይ ሲወጉት ይሰበራል፣ ካልተሰበረም ይዋሻል። ሥጋ የሚወጋ ሹል ጫፍ ያለው ግዙ። በየጊዜው በ4 እና በ7 ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት። ጫፉ ላይ ስብ ከተጋገረ የሚያሳያችሁ ቁጥር ዋጋ የለውም።

ሥጋው ውስጥ ጮማ አልገባም

ይኼን የሚጠይቁኝ የሆቴል ሼፎችና ፎቶ አይተው የመጡ አድላቢዎች ናቸው። ቀይ ሥጋው መሃል እንደ ድር የተዘረጋ ነጭ ስብ ይፈልጋሉ። ማርብሊንግ የሚባለው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ዘር በእርግጥ ይቆጠራል። የጃፓኑ ዋግዩ፣ በተለይ ጥቁሩ፣ ስብን ጡንቻ ውስጥ በማከማቸት የሚወዳደረው የለም። ጃፓኖች ማርብሊንጉን ከ1 እስከ 12 ይሰጡታል። ኤ5 የሚባለው ደረጃ ከ8 እስከ 12 ያገኘው ነው። የስኮትላንዱ ዘር አንገስም ጥሩ ነው። ቦረና፣ አርሲና ሐረር የዜቡ፣ ማለትም የባለ ሻኛ ከብት፣ ወገን ስለሆኑ ጡንቻ ውስጥ የሚያስገቡት ስብ ያነሰ ነው። ሻኛቸውን፣ ሆድ ዕቃቸውንና ከቆዳ ሥር ያለውን ግን ጥሩ አድርገው ይሞላሉ።

ከዘሩ እኩል የሚቆጠረው፣ ግን የሚረሳው፣ የስቡ ቅደም ተከተል ነው። ከብት ሲደልብ ስቡ መጀመሪያ ኩላሊትና አንጀት ዙሪያ ይቀመጣል። ቀጥሎ በጡንቻዎች መካከል፣ ከዚያ ከቆዳ ሥር ይገባል። ጡንቻው ውስጥ የሚገባው መጨረሻ ነው። የእኛ ማድለቢያ ከብቱን የሚያቆየው ሦስት ወር ገደማ ነው። ጃፓኖች ዋግዩን የሚያርዱት ዕድሜው 30 ወር አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ረጅሙን ጊዜ እህል እየበላ ነው። ሦስት ወር ብቻ በደለበ ኮርማ ላይ ያንን መጠበቅ ከብቱን መበደል ነው።

ማርብሊንግ የምትፈልጉ ከሆነ ከብቱ በወጣትነቱ ይኮላሽ። ኃይል ሰጪ መኖ፣ ማለትም በቆሎና ሞላሰስ፣ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ ረጅም ጊዜ አብሉት። እህል በአንድ ቀን ያጋበሰ ከብት ሆዱ አሲድ ሆኖ ሊሞት ይችላል፣ ስለዚህ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አለማምዱት። ወተት ላሞች ካሉበት ግቢ የሚወጡ የሆልስታይን ዲቃላ ወይፈኖችን አትናቁ። ከዜቡ የተሻለ ማርብሊንግ ይሰጣሉ፣ ብዙ ሰው ግን በጥጃነታቸው ይጥላቸዋል።

የሐረርጌን ሰንጋ ስም ያስጠራው ምን እንደሆነም አስተውሉ። ገበሬው ደጁ ላይ አስሮ የማሽላና የበቆሎ አገዳ እየቆረጠ በእጁ ያጎርሰዋል። የተኮላሸ የእርሻ በሬ ነው፣ ለወራት ነው የሚቀለበው፣ ሰው ለምዷል። ቄራ ሲደርስ እንደ ሜዳ ኮርማ አይደነግጥም። የጣዕሙ ግማሽ እዚያ ነው።

ሥጋው እንደ ገመድ ጠነከረ

ዕድሜውን በጥርሱ እዩ፣ ያረጀ የእርሻ በሬ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ወጣት ሆኖ ከጠነከረ ማቀዝቀዣውን ተጠራጠሩ። ስስ፣ ስብ ያልሸፈነው ሥጋ ገና ሙቀቱ ሳይወጣ ብርድ ውስጥ ከገባ ጡንቻው ይኮማተራል። በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ሥጋው ከ10 ዲግሪ በታች አይውረድ። ከዚያ በኋላ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ አውርዱት። ትኩስ ሥጋ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ የሚከቱ አሉ፣ ይኼ ከሁሉ የከፋ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ሥጋው ተኮማትሮ ውኃውን ሁሉ ይለቃል።

የዜቡ ሥጋ በተፈጥሮው ዘግይቶ ነው የሚለሰልሰው። ለጥብስ የምታቀርቡ ሰዎች በቅዝቃዜ ሳምንት ከዚያም በላይ ሰቅላችሁ አቆዩት። ጥቁሩን ሥጋ ግን እንዳታቆዩት!

ስቡ ቢጫ ሆነ

አረንጓዴ ሣር የበላ ወይም ያረጀ ከብት ነው፣ ጉዳት የለውም። ነጭ ስብ የሚፈልግ ገዢ ካላችሁ ሁለት ሦስት ወር በጭድና በፉርሽካ አቆዩት። የዓይኑ ነጭና ጅማቱም ቢጫ ከሆነ ግን የበሽታ ምልክት ነው፣ የሥጋ መርማሪ ሳያየው አንድ ኪሎ አይሸጥ።

ሥጋው ላይ የደም እብጠት ወይም መግል ተገኘ

የደም እብጠቱ የዱላ፣ የቀንድ ወይም የመኪና ነው። መግሉ የመርፌ ነው፣ ያውም ውዱ ብልት ላይ። መርፌ አንገት ላይ ይወጋ። ለእርድ የተቃረበ ከብት ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከተወጋ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የመቆያ ጊዜ ሳይጨርስ አይታረድ።

ልብ፣ መንጋጋ ወይም ምላስ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ ነጭ ከረጢቶች

የኮሶ ነው። ለቁርጥ አይሆንም። መርማሪው ከፈቀደ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ይቀዝቅዝ ወይም በደንብ ይብሰል። ምንጩ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ሰው ስለሆነ ማድለቢያው ውስጥ ለሠራተኞቹ ሽንት ቤት ሥሩላቸው።