አንድ የስድስት ደቂቃ ድምፅ ለአንድ ሳምንት

እንግሊዝኛ ልማር ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ወፍራም የሰዋስው መጽሐፍ ይገዛል። ሁለት ሳምንት ይሠራበታል። ከዚያ መጽሐፉ አቧራ ይለብሳል። ይሄ ስንፍና አይመስለኝም። ከአንደኛ ክፍል ጀምረን እንግሊዝኛ ተምረናል፣ ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ አንብበናል፣ ፈተናውንም አልፈናል፤ አንድ የውጭ ሰው መንገድ ሲጠይቀን ግን ቃል ይጠፋብናል። ቋንቋውን በዓይናችን ነው የምናውቀው። ጆሯችን ገና አልተማረም።

እኔ የምመክረው ትንሽ ነገር ይዞ እሷኑ ደጋግሞ መሥራት ነው። ለሳምንት አንድ አጭር ድምፅ ይበቃል። የቢቢሲ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ለዚህ ይመቻል። ስሙ እንደሚለው ስድስት ደቂቃ ነው፣ በነፃ ይገኛል፣ ሰዎቹ በአንድ ርዕስ ላይ ያወራሉ፣ ያሉት ሁሉ በጽሑፍ አብሮ ተቀምጧል። ሌላም መምረጥ ትችላላችሁ፤ ጽሑፍ የሌለውን ግን ተዉት። የሰማችሁትን የምታመሳክሩበት ነገር የግድ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቀን ጽሑፉን ሳትከፍቱ ሁለቴ ስሙ። ምን እንደተወራ ሁለት ሦስት መስመር በአማርኛ ጻፉ። በቃ።

ዋናው ሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው። ከመሃል ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ምረጡ። አንድ ዓረፍተ ነገር ስሙ፣ አቁሙ፣ ጻፉ፣ ወደ ኋላ መልሱና እንደገና ስሙ። አምስት ስድስት ጊዜ መመለስ ያለ ነው። ያልሰማችሁት ቦታ ላይ ሰረዝ አድርጋችሁ እለፉ። ከዚያ ጽሑፉን ክፈቱና በቀይ እስኪርብቶ አርሙ። አንዳንዱ ቀይ የማታውቁት ቃል ነው፤ እሱ ቀላል ነው፣ መዝገበ ቃላት አለ። ሌላው ግን በደንብ የምታውቁት፣ ተጽፎ ብታዩት የማይጠፋችሁ፣ ሲነገር ግን ያመለጣችሁ ቃል ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አሜሪካኖች «እችላለሁ» ሲሉ «ካን» የምትለዋን ቃል ይውጧታል፤ «አይ ክን ጎ» ነው የሚመስለው። «አልችልም» («ካንት») ሲሉ ደግሞ ቃሏ ትጎላለች፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ት» ግን ብዙ ጊዜ አትሰማም። ስለዚህ «ካን»ን ጥርት አድርጎ የሰማ ሰው «እመጣለሁ ብሏል» ብሎ ይሄዳል። እኔ ዲሲ በመጣሁ ሰሞን ልመጣ አልችልም ያለኝን ሰው አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ጠብቄዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቃሏ ጎልታ ከተሰማች ጠርጥሩ እያልኩ ለሁሉም እናገራለሁ። የእንግሊዞቹ «ካንት» ድምፁ ረዘም ስለሚል ለመለየት ይቀላል።

የኃላፊ ጊዜ መጨረሻዋም እንደዚሁ ነች። ትምህርት ቤት «ወርክድ» ብለን አነበብን፤ ሲናገሩት ግን «ወርክት»፣ «ሄልፕት» ነው። «ፕሌይድ» ላይ «ድ» ትሆናለች፣ «ዋንቲድ» ላይ «ኢድ»። ይሄን አንዴ አፋችሁ ከለመደው ጆሯችሁም ይሰማዋል። ለዚህ ነው ሦስተኛውን ቀን ሙሉ ያቺኑ ሠላሳ ሰከንድ ከተናጋሪው እኩል ጮክ ብላችሁ ማለት ያለባችሁ። ልጆች ዘፈን እንደሚይዙት፣ ከነዜማው።

ሰዋስውን ደግሞ ከዚሁ ጽሑፍ አውጡት። ሁሉንም ሕግ አትሞክሩ፤ አማርኛችን የሚጎትተን ቦታ ላይ ያለውን ያዙ። «በላሁ» እና «በልቻለሁ» እንደሚለያዩ ማንም አላስተማረንም፣ እናውቀዋለን። እንግሊዝኛውም «አይ ኤት» እና «አይ ሃቭ ኢትን» አለው። እስከዚህ አማርኛ ያግዘናል። ግን እኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ስንል አይጎረብጥም። እንግሊዝኛ «ሃቭ» ካለበት ግስ ጋር «የስተርደይ»ን አያስቀምጥም። ቀኑ ከተጠራ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስተው «እመጣለሁ አለኝ» ነው። እንዳለ ወስደን «ሂ ቶልድ ሚ አይ ዊል ከም» ካልን የሚመጣው ሰውዬው መሆኑ ቀርቶ እኔ ሆንኩ። «ሂ ቶልድ ሚ ሂ ውድ ከም» መሆን አለበት። «አዎ»ም አለች። «አልበላህም እንዴ?» ሲሉን «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። እንግሊዝኛው «ኖ» ይላል። ነርሷ «አለርጂ የለብህም አይደል?» ብላ ስትጠይቅ በአማርኛ ልማድ «የስ» ያለ ሰው አለርጂ አለበት ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል፣ ስለዚህ ይቺን በደንብ ተለማመዷት።

መለማመጃውን የመጽሐፍ ዓረፍተ ነገር አታድርጉት። ዛሬ ማን ምን እንዳላችሁ አስር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ባለቤታችሁ፣ አለቃችሁ፣ ታክሲ ላይ የነበረው ረዳት። የራሳችሁ ወሬ ቶሎ አይረሳም።

ባህል ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ነገር ያየዋል። እኔ ግማሹ ቋንቋ እዚያ ያለ ይመስለኛል። እኛ አክብሮቱን ግሱ ላይ እናደርገዋለን፤ «ይስጡኝ» ካልን አልቋል። እንግሊዝኛ ለአንተም ለአንቺም ለእርስዎም «ዩ» ብቻ ስላለው አክብሮቱን «ኩድ ዩ» እና «ፕሊስ» ላይ ጫነው። «ጊቭ ሚ ዋተር» ሰዋስዉ ልክ ነው፣ የሚሰማው ግን እንደ ትዕዛዝ ነው። ሰው ቤት ተጋብዛችሁ «ጠግቤያለሁ፣ በቃኝ» ካላችሁ እኛ ጋ ለምነው ያጎርሷችኋል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሳህኑ ይነሳል። ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ «የስ፣ ፕሊስ» በሉ። ቀጠሮ ስትይዙ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት «ኤይት» መሆኑን አትርሱ። ደግሞ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት ነገር አለች፤ የማያውቃት ሰው የደነገጣችሁ ይመስለዋል። ሌላው ቢቀር ስልክ ላይ «የስ» ብላችሁ ተናገሩ።

የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ስልካችሁን ክፈቱና በዚያው ርዕስ ሁለት ደቂቃ ተናግራችሁ ቅዱ። ሳታነቡ። ቢሰበርም ቀጥሉ። ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት፣ አታጥፉት። ከአስራ ሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አከታትላችሁ ስሙ።

ለመጀመሪያው ቅጂ ርዕስ ካስፈለጋችሁ ቡናን ውሰዱ፤ የውጭ ሰው ስለ አገራችን ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። መቁላት «ሮስት»፣ መፍጨት «ግራይንድ»፣ መቅዳት «ፖር» ነው፣ ዕጣኑ «ኢንሰንስ»። አቦልን፣ ቶናንና በረካን አትተርጉሟቸው። በስማቸው ጥሯቸው፣ ለምን ሦስት ጊዜ እንደሚቀዳና ጎረቤት ለምን እንደሚጠራ ግን በእንግሊዝኛ አስረዱ።