ዶርም አልጋ ላይ ከማጥናት ላይብረሪ ግቡ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ካምፓስ ላላችሁ፣ በተለይ ለፍሬሾች፦ አልጋ ላይ ተጋድሞ ማጥናቱን ተዉት። አንዱ ስልክ ያወራል፣ ሌላው ካርታ ይጫወታል፣ ሳታስቡት እናንተም ወሬው ውስጥ ናችሁ። ላይብረሪ ግቡ። ጥቅሙ ደግሞ ፀጥታው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ኮፒው ጥቂት የሆነ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በውሰት አይወጣም፣ እዚያው ነው የሚነበበው፣ ስለዚህ ሃንድአውቱ ላይ በሁለት መስመር የታለፈችውን ነገር ከነምሳሌዋና ከነመልመጃዋ የምታገኟት እዚያ ነው። ስልኩን ሳይለንት አድርጋችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። የደሴ ብርድ ቀልድ አያውቅም፣ ማታ ጃኬት ያዙ (ሞቃቱ ኮምቦልቻ ካምፓስ ያላችሁ ይቺን ዝለሏት)። የፈተና ሰሞን ወንበር ስለማይገኝ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ደብተር አስቀምጦ ቦታ ይዞ መጥፋት ግን ነውር ነው፣ ሌላውም ፈተና አለበት።