በውሃ ብክለት ገደብ ክርክር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በአሜሪካ የንፁህ ውሃ ሕግ ክስ ለጀመሩ አዳዲስ ጠበቆችና ወንዛቸው ላሳሰባቸው ነዋሪዎች የጻፍኩት ነው።

«ቁጥር የሌለው ግዴታ ሁሉ ተሽሯል» ማለት

ይሄኛው አንጀቴን ያሳርረኛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 በሳን ፍራንሲስኮ ጉዳይ 5 ለ 4 ከወሰነ ወዲህ፣ ፍሳሽ ወደ ውሃ ለመልቀቅ በሚሰጥ ፈቃድ ላይ የብክለት መጠን ቁጥር ያጣ ሁሉ «ይሄማ ወድቋል» ይላል። እባካችሁ ውሳኔውን አንብቡት! የከተማዋ ፈቃድ፣ ፍሳሿ ለተቀባዩ ውሃ ጥራት መጓደል ምክንያት እንዳይሆን ያዝዝ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለባት ሳይነግር፣ ባሕሩ ላይ ለሚታየው ውጤት ተጠያቂ አደረጋት። የወደቀው ይህ ነው። ከተማዋ «ገደብ ሁሉ የፍሳሽ ገደብ (ከቱቦው በሚወጣው ነገር መጠን ላይ የሚጣል) ብቻ መሆን አለበት» ብላ ያቀረበችውን ሰፊ ክርክር ግን ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። ስለዚህ ቁጥር አለ የለም ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ፈቃዱን አንቀጽ በአንቀጽ ይዛችሁ «ይህ አንቀጽ ባለፈቃዱን አድርግ ወይም አታድርግ የሚለው ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለ፣ የሳን ፍራንሲስኮን ውሳኔ ጠቅሶ ማስጣል ቀላል አይሆንም።

ማሳወቂያውን በግማሽ መላክ

ዜጋ ከመክሰሱ 60 ቀን በፊት ለበካዩ፣ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና ለክልሉ መንግሥት ማሳወቅ አለበት። ለሦስቱም! ተመሳሳይ የማሳወቂያ ግዴታ ባለው የቆሻሻ አወጋገድ ሕግ ሥር በ1989 በተወሰነው የሆልስትሮም ጉዳይ፣ ከሳሾቹ የቆሻሻ መጣያው ባለቤት ለሆነው የካውንቲ አስተዳደር ብቻ ጽፈው ነበር። ብክለቱን በሥር ፍርድ ቤት አስረድተው እንኳ መዝገባቸው ተዘጋ። ያሳዝናል።

ባለፈ ጥፋት ብቻ መክሰስ

ከ1987ቱ የጓልትኒ ውሳኔ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ያበቃ ጥሰት የዜጋ ክስ አያስመሠርትም።

«ቱቦው ወንዝ ስላልነካ ነፃ ነው» ማለት

በሃዋይ ግዛት በማዊ ደሴት የተጣራ ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ይገባና በከርሰ ምድር ውሃ ግማሽ ማይል ያህል ተጉዞ ባሕር ይደርስ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2020፣ አካሄዱ ቀጥታ ከመልቀቅ ጋር በተግባር አንድ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል አለ። ርቀቱንና የሚፈጀውን ጊዜ አስቀድማችሁ በባለሙያ አስጠኑ።

መጀመሪያ ጠርሙስ ይዞ ወንዝ መውረድ

ጉጉታችሁን እወድላችኋለሁ። ግን ከወንዙ የቀዳችሁት ናሙና ብክለቱ የማን እንደሆነ ብቻውን አይናገርም። መጀመሪያ ባለፈቃዱ ራሱ ለካሁ ብሎ ለመንግሥት ያስገባውን ሪፖርት ጠይቁ። የዕለቱን ጣሪያና የወሩን አማካይ ለየብቻ ከፈቃዱ ጋር አስተያዩ። አንዱን አክብሮ ሌላውን የጣሰ ብዙ ነው።