የአሜሪካ ጦር ጡረተኞች ለቤተሰባቸው ሲሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ረጅም ዓመት አገልግለው በጡረታ የወጡ ወገኖች አሉን። ሥራ ላይ ሳሉ ያለ ወረቀት የሚሆን ነገር እንደሌለ ያውቃሉ። እቤት ሲገቡ ግን ስለ ሞት ማውራት ሟርት ይመስለናል። ወሬው ገና ሲነሳ «ኧረ ክፉ አታውራ» ይባልና ያበቃል። አንድ ቀን ቤቱ ለቅሶ ቤት ሲሆን፣ ሚስት ወይም ባል የት እንደሚደውሉ እንኳ አያውቁም። የሚገባቸው ገንዘብ ደግሞ ማንም ፈልጎ አያመጣላቸውም። ካልጠየቁ የማያገኙት ብዙ ነገር አለ። ጊዜ ያለፈበትን ደግሞ ቢጠይቁም አያገኙትም።

ጡረታው ለቤተሰብ ይተላለፋል ብሎ ማሰብ

አይተላለፍም። የጦር ሠራዊት ጡረታ ባለጡረታው በሞተበት ቀን ይቆማል። ጡረታውን የሚከፍለው ዲፋስ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ክፍያው የሚገባው ወሩ ካለቀ በኋላ፣ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ሰውየው በመጋቢት አጋማሽ ቢያርፉና ዜናው ዲፋስ ሳይደርስ ቢቀር፣ የወሩ ሙሉ ገንዘብ ባንክ ይገባል። ዲፋስ ሲሰማ ግን መልሶ ይወስደዋል። በለቅሶው ወጪ መሀል ያ ገንዘብ ተነስቶ ከሆነ ችግር ይፈጠራል። ሞቱን ቶሎ ማሳወቅ፣ ከዚያ በኋላ የገባውን ጡረታ አለመንካት፣ አካውንቱንም ቸኩሎ አለመዝጋት ነው የሚሻለው።

እስከ ሞቱበት ቀን ያለው ገንዘብ ተሰልቶ ይከፈላል። የሚጠየቀው 1174 በሚባለው ቅጽ ነው። የሚከፈለው ደግሞ ባለጡረታው በሕይወት ሳሉ ለዚህ ገንዘብ ተጠቃሚ ብለው ላስመዘገቡት ሰው ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የተመዘገበችው የቀድሞ ሚስት ልትሆን ትችላለች። ማይፔይ በሚባለው የዲፋስ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ስሙን ማየትና መቀየር ቀላል ነው፤ ዛሬውኑ ይዩት።

ኤስ ቢ ፒን ሳይገባን መፈረም

ቤተሰብ በየወሩ እንዲከፈለው የሚያደርገው ኤስ ቢ ፒ ነው። በአገር ቤት የጡረታ አነጋገር የተተኪዎች አበል ማለት ነው። ከጡረታው ላይ እንደ መነሻ የተመረጠውን መጠን 55 በመቶ ለትዳር ጓደኛ ይከፍላል። መነሻው 2,000 ዶላር ከሆነ በየወሩ 130 ዶላር ይቆረጣል፤ ሚስት ወይም ባል በየወሩ 1,100 ዶላር ያገኛሉ። ክፍያው የኑሮ ውድነትን ተከትሎ ያድጋል። 360 ወር የከፈሉና 70 ዓመት የሞላቸው ከዚያ በኋላ መክፈል ያቆማሉ፤ ሽፋኑ ግን ይቀጥላል።

ምርጫው የሚደረገው ጡረታ ሲወጡ ነው። ያገባ ሰው ዝም ካለ ሙሉው ሽፋን በራሱ ይጀምራል። ለመተው ወይም ለመቀነስ የትዳር ጓደኛው ፊርማ በኖታሪ ፊት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ባሏ «ፈርሚልኝ» ሲላት እንግሊዝኛው በደንብ ሳይገባት የምትፈርም ሚስት አለች። የምትፈርመው የዕድሜ ልክ ገቢዋን የሚያስቀር ወረቀት ላይ ነው። እባካችሁ በአማርኛ አስረዷት። ቁጥሩን አሳዩአት። እምቢ ካለችም ትክክል ልትሆን ትችላለች።

ኤስ ቢ ፒ ለሁሉም ያዋጣል አልልም። ሚስት የራሷ ጥሩ ጡረታ ካላት፣ ወይም በዕድሜ በጣም የምትበልጥ ከሆነ ሌላ ስሌት ሊያስፈልግ ይችላል። ግን የተዘለለ ምርጫ በኋላ ሲያስፈልግ አይገኝም። ኮንግረስ ለተወሰነ ጊዜ በሩን ከፍቶ ነበር፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ተዘግቷል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ሲያገቡ አንድ ዓመቱን ማሳለፍ

ይህ የእኛን ሰው በተለይ ይመለከታል። ጡረታ ወጥቶ፣ አገር ቤት ሄዶ፣ ሽማግሌ ልኮ የሚያገባ ብዙ ነው። ጡረታ ሲወጣ ያላገባ ሰው በኋላ ሲያገባ ሚስቱን ኤስ ቢ ፒ ውስጥ ለማስገባት አንድ ዓመት ጊዜ አለው። ዓመቱ የሚቆጠረው ከጋብቻው ቀን ጀምሮ ነው። እሷ ቪዛ አግኝታ አሜሪካ ከምታርፍበት ቀን አይደለም። የቪዛው ጉዳይ ሲጓተት ዓመቱ ሳይታወቅ ያልፋል። «ትምጣና እናስተካክለዋለን» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። እሷ አዲስ አበባ እያለችም ቢሆን የጋብቻ ወረቀቱን አስተርጉሞ ለዲፋስ መላክ ያስፈልጋል።

ጡረታ ሲወጣ አግብቶ የነበረና የሚስቱን ሽፋን የተወ ሰው ግን በኋላ የሚያገባትን አዲስ ሚስት ማስገባት አይችልም። ሽፋን ኖሮት ሚስቱ የሞተችበት ወይም የፈታ ሰው ደግሞ ዳግም ሲያገባ ሽፋኑ ከአንድ ዓመት በኋላ በራሱ ይመለሳል። ዲፋስ ካልተነገረው ግን ያልተቆረጠው ክፍያ ይጠራቀማል።

ፍቺም እንዲሁ ነው። ፍርድ ቤቱ «ኤስ ቢ ፒው ለቀድሞ ሚስት ይሁን» ቢልም ውሳኔው ብቻውን አይበቃም። ጥያቄው ከውሳኔው ጋር በአንድ ዓመት ውስጥ ዲፋስ መድረስ አለበት።

የቪ ኤ ገንዘብን ከጡረታው ጋር አንድ አድርጎ ማየት

ዲፋስና ቪ ኤ የሚባለው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተለያዩ ናቸው። ለአንዱ የተነገረው ሞት ለሌላው ተነገረ ማለት አይደለም። ቪ ኤ የሚከፍለው የአካል ጉዳት ክፍያም ከሞት ጋር ይቆማል።

ነገር ግን ዲ አይ ሲ የሚባል የቪ ኤ የተተኪዎች ክፍያ አለ። አሁን በወር ከ1,600 ዶላር በላይ ነው። የሚገባውም ሰውየው የሞቱት ከአገልግሎት ጋር በተያያዘ ሕመም ከሆነ፣ ወይም ከመሞታቸው በፊት ለ10 ተከታታይ ዓመት በሙሉ የአካል ጉዳት ደረጃ ላይ ከነበሩ ነው። ድሮ ኤስ ቢ ፒና ዲ አይ ሲ ይቀናነሱ ነበር። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ይከፈላሉ። «አንዱን ካገኘሽ ሌላው ይቀራል» የሚለው የድሮ ወሬ ስለሆነ አትስሙት። ዲ አይ ሲ ከሞቱበት ወር ጀምሮ እንዲታሰብ ማመልከቻው በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ሰውየው ሲሞቱ ገና መልስ ያላገኘ የቪ ኤ ጥያቄ ካላቸውም፣ ሚስት በአንድ ዓመት ውስጥ ጠይቃ በእሳቸው ቦታ ልትቀጥለው ትችላለች።

አንድ ነገር ልጨምር። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ምክንያት ከባድ ሚዛን አለው። በልብ ድካም ሞቱ ተብሎ፣ ቪ ኤ ያመነበትና ልባቸውን ያዳከመው ሕመም ሳይጻፍ ቢቀር ቤተሰቡ ረጅም ክርክር ውስጥ ይገባል። ቪ ኤ የተቀበላቸውን ሕመሞች ዝርዝር ቤተሰብ ይያዘው። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲሞላ ዝርዝሩን ያሳዩት።

ስምና ቀን የማይገጥሙ ወረቀቶችን «ይስተካከላል» እያሉ መተው

የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። ሚስት በአባቷ ስም ትጠራለች፤ ልጅ በአባቱ ስም። አሜሪካዊው ሠራተኛ ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት የተለያየ ስም ይዘው ሲያይ ይጠይቃል። ፀሐይ የሚለው ስም አንዱ ወረቀት ላይ በቲ፣ ሌላው ላይ በኤስ ይጀምራል። የትውልድ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ሳይቀየር የቀረበት ወረቀትም አለ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይፈጥራል።

ጋብቻውስ? በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያን፣ በኒካ ወይም በሽማግሌ ተጋብተው የመንግሥት ወረቀት የሌላቸው ብዙ ናቸው። ቪ ኤ ደግሞ አሁን ያለውን ጋብቻ ብቻ ሳይሆን የሁለቱንም የቀድሞ ጋብቻ ይጠይቃል። እሷ አገር ቤት ተፋትታ ከሆነ የፍቺውን ውሳኔ አሁኑኑ አስወጡ። ባል በሕይወት እያለ «ሚስቴ ናት» ብሎ ሲፈርምና እሷ ብቻዋን ቀርታ ለማስረዳት ስትሞክር በጣም ይለያያል።

ልጆችም አሉ። አገር ቤት ከሌላ እናት የተወለደ ልጅ ካለ ዲርስ በሚባለው የጦሩ የቤተሰብ መዝገብ ላይ መግባት አለበት። ነገሩ እቤት ውስጥ ያስከፋ ይሆናል። ለቅሶ ላይ ከሚታወቅ ግን አሁን መነገሩ ይሻላል። የጤና መድኑ ትራይኬርም የሚሰጠው በዚሁ መዝገብ ነው።

ኑዛዜ ሁሉንም ይሸፍናል ማለት

ኢንሹራንስና ቲ ኤስ ፒ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ የሚከፈሉት በየቅጻቸው ላይ ለተጻፈው ሰው ነው። ኑዛዜው «ለልጆቼ» ቢልም ቅጹ «ለወንድሜ» ካለ ወንድም ይወስዳል። ውክልናም ከሞት ጋር ያበቃል፤ እዚህም አገር ቤትም። አዲስ አበባ ቤት ያለው ሰው «ለእህቴ ውክልና ሰጥቻታለሁ» ብሎ ቢተማመን፣ ከሞቱ በኋላ ያ ወረቀት አይሠራም። ቤተሰቡ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ይኖርበታል።

ሥራ ላይ ሳሉ የነበረው የሕይወት ኢንሹራንስም ከጦሩ ከወጡ ከ120 ቀን በኋላ ያበቃል። ቪጂኤልአይ ወደሚባለው የቀድሞ ወታደሮች ኢንሹራንስ ካልቀየሩት የለም ማለት ነው። ከጦሩ በወጡ በ240 ቀን ውስጥ ካመለከቱ የጤና ጥያቄ አይጠየቁም።

ስለ ዳግም ጋብቻ አለመናገር

ይህን ማንሳት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን በወጣትነቷ የምትቀር ሚስት ሕጉን ማወቅ ይገባታል። ከ55 ዓመቷ በፊት ካገባች ኤስ ቢ ፒው ይቆማል። ያ ጋብቻ በሞት ወይም በፍቺ ካበቃ ይመለሳል። ትራይኬር ግን በየትኛውም ዕድሜ ብታገባ ይቀራል፤ ሁለተኛው ትዳር ቢያበቃም አይመለስም። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕክምና ላይ ላለች ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀድማ ስታውቅ ራሷ ትወስናለች።

ፋይሉን ለራስ ብቻ መያዝ

ዲዲ 214 የሚባለው ከጦሩ የመሰናበቻ ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የቪ ኤ የውሳኔ ደብዳቤ፣ የኤስ ቢ ፒ ምርጫ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፤ ሁሉም በአንድ ፋይል ይሁኑ። የዲፋስና የቪ ኤ ስልክ ቁጥር ላዩ ላይ በአማርኛ ይጻፍ። የስልኩ መክፈቻ ቁጥርም መታወቅ አለበት፤ ዛሬ ሁሉም አካውንት የሚከፈተው ስልክ ላይ በሚላክ ኮድ ነው። ከሚስት ሌላ አንድ እንግሊዝኛ የሚችል ታማኝ ሰው፣ ልጅ ወይም የእድሩ ጸሐፊ፣ ፋይሉ የት እንዳለ ይወቅ። በለቅሶው ሰሞን እሷ ስልክ ይዛ የምትጠብቅበት አቅም አይኖራትም።

የት መቀበር እንደሚፈልጉም ይጻፉ። በቪ ኤ ብሔራዊ መቃብር ቦታው፣ ቁፋሮውና የመቃብር ድንጋዩ ነፃ ነው፤ የትዳር ጓደኛም እዚያው መቀበር ይችላል። ቦታ አስቀድሞ መያዝ ባይቻልም መብቱ እንዳለዎት ከአሁኑ ማስረጋገጥ ይቻላል። አስክሬናቸው አገር ቤት እንዲሄድ የሚፈልጉ ደግሞ ድንጋዩን እዚያም መጠየቅ ይችላሉ፤ ቪ ኤ ምልክት ለሌለው መቃብር በየትኛውም አገር ይሰጣል። የጉዞውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ግን ከእድሩ ጋር አሁን ይነጋገሩበት።