ዓይን ሲጠፋ ጆሮ በራሱ አይበረታም

ሐረር ውስጥ ዓይኑን ላጣ ሰው ቤተሰብ ቀድሞ የሚሠራው ስህተት ነደባ (የሐረር ቤት መቀመጫ መደብ) ላይ ማስቀመጥ ነው። «አላህ አንዱን ሲነሳ ሌላውን ይሰጣል፣ ጆሮው ይበረታለታል» ይባልና ውኃ እንኳ ተቀድቶ ይቀርብለታል። ጆሮ ያው ጆሮ ነው፤ የሚለወጠው አእምሮ ነው፣ እሱም በሥራ። ከልጅነታቸው ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ብሬልን፣ በጣት የሚዳሰሰውን የነጥብ ጽሑፍ፣ ሲያነቡ ለማየት የተመደበው የአእምሮ የኋላ ክፍል እንደሚሠራ በ1996 እ.ኤ.አ. ታይቷል። በጎልማሳነቱ ዓይኑን ያጣ ሰው ይህን ያህል ለውጥ አያገኝምና ልምምድ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። ስድስት ወር አስቀምጦ «አልለመደም» ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ውኃውን ራሱ ይቅዳ፣ አንድ ጣቱን ከብርጭቆው ጠርዝ ወደ ውስጥ አድርጎ። ቢያፈስም ያፍስስ።

«ልጆቹ ስል ጆሮ ይዘው ይወለዳሉ» የሚሉም አሉ። ልምምድ አይወረስም።

ምርኩዝ ዓይነ ስውር መንገዱን የሚፈትሽበት ነጭ በትር አይደለም። አጭር ስለሆነ ጫፉ ደረጃውን ሲነካ እግርም እዚያው ደርሷል። በትሩ ከመሬት እስከ ደረት አጥንት ይድረስ። እጅ እምብርት ፊት ይሁን፤ ክንድ ሳይሆን የእጅ አንጓ ይንቀሳቀስ፤ ጫፉ ከትከሻ ስፋት ትንሽ አልፎ ግራና ቀኝ ይመላለስ። ቀኝ እግር ሲራመድ ጫፉ በግራ ነው፤ ቀጥሎ ግራ እግር የሚያርፍበትን ይፈትሻልና። ጀማሪ ሁሉ ይገለብጠዋል፤ ቆሞ እንደገና መጀመር ነው።

መሪ አይጎትት። ዓይነ ስውሩ የመሪውን ክርን ይዞ በግማሽ እርምጃ ይከተል።

ጆሮ ላይ የተጠመጠመ ነጠላ ቀጫጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። በምላስ ጠቅ እያሉ የግድግዳን ማሚቶ ለመስማት የሚያስፈልገው ግን ያው ድምፅ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ትሪ ከፊት 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ተይዞ ጠቅ፤ ትሪው ተነስቶ ጠቅ። ልዩነቱ ሲለይ በግንብ ወደታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ወደ ጀጎል ጠባብ መንገድ ይወጣል፦ ግንቡ ድምፁን ይመልሳል፣ የግቢ በር ወይም መታጠፊያ ሲደርስ ድምፁ ይከፈታል። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ የ10 ሳምንት ሥልጠና ጥናት የ79 ዓመት ተሳታፊም ስለነበረ «አረጀሁ» ሰበብ አይሆንም።

በአንድ ምልክት ብቻ መታመንም መንገድ ያስታል። መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ በስፌት መኪኖቹ ድምፅ ይታወቃል፤ ሱቆቹ ሲዘጉ ግን ምልክቱ የለም። የመንገዱን ቁልቁለት በእግር፣ የጠዋቷን ፀሐይ በጉንጭ አብሮ መያዝ ያሻል።