ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሚነቃ ሰው

ጭንቀት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቀሰቀሳችሁ አልጋ ላይ አትገላበጡ። ተነሡ፤ ወረቀት ፈልጉና ያስጨነቃችሁን ነገር በስሙ ጻፉት፦ የቤት ኪራይ፣ የእናቴ ሕክምና። ከዚያ አንድ በአንድ ድምፅ አውጥታችሁ ለእግዚአብሔር ንገሩት። «ጌታ ሆይ፣ ሁሉን አንተ ታውቃለህ» ብሎ ማለፍ ለእኔ አልሠራም፤ ነገሩ በስሙ ሲጠራ ነው ከልብ የሚወርደው። ፊልጵስዩስ 4፥6 ልመናው «ከምስጋና ጋር» ይሁን ይላልና የተደረገላችሁን አንድ ነገርም ጨምሩ። ጳውሎስ ይህን የጻፈው በእስር ላይ ሆኖ ነው፤ ኑሮ የተመቸው ሰው ምክር አይደለም።

መታመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚመስላቸው አሉ። እዚህ ጅማ በኅዳር ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣ ሰው ደመና ሲያይ ሮጦ ሸራ ያለብሰዋል። ካለበሰው በኋላ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ሲያይ አያድርም፤ ገብቶ ይተኛል። እናንተም ከጻፋችሁት ውስጥ ነገ በእጃችሁ የምትሠሩትን አንዱን ብቻ አስምሩበት፤ ለምሳሌ አከራዩን ማነጋገር። ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሳችሁ ውስጥ ክተቱትና መብራቱን አጥፉ።